አንድ ጠመንጃ ለአስር ሰው፤ የኢላማ ወዳጆች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ከየካ አባዶ ጀርባ ባለች አንዲት ግቢ ቅዳሜ ጠዋት ስለምናካሂዳት የኢላማ ውድድር ትንሽ ጽፌ ነበር። በአየር ጠመንጃ ነው፤ ኤርጋን የምንለው። ርቀቱ 10 ሜትር፣ ኢላማው ወረቀት፣ ሽልማቱ ቡና። ከዚያ ወዲህ የደረሰኝ ጥያቄ ብዙ ነው። ሁሉን መመለስ ስለማልችል ደጋግመው የመጡትን መርጫለሁ። የጠያቂዎቹን ስም ትቼ ሰፈራቸውን ብቻ ጽፌአለሁ።

«አራት ጓደኛሞች ነን። ሁላችንም የየራሳችንን ኤርጋን ገዝተን ልንጀምር አስበናል። የትኛው ይሻላል? በርካሽስ የት እናገኛለን?» (ከለገጣፎ)

አራት አትግዙ። አንድ ይበቃችኋል። እሱንም ቢሆን ፖሊስ ሳትጠይቁ አትግዙ።

ከሕጉ ልጀምር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ ጦር መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። «ይሄ እኮ በአየር ነው የሚሠራው፣ መጫወቻ ነው» ብላችሁ በራሳችሁ እንዳትፈርዱ። ልትገዙ ያሰባችሁትን ዓይነት ስሙንና ፎቶውን ይዛችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። ፈቃድ ያስፈልጋል ካሏችሁ እስኪወጣ ጠብቁ። አይቻልም ካሏችሁ ደግሞ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ደረሰኝ የሌለው፣ «ከእገሌ ላምጣልህ» የሚባል ዕቃ ግን በነጻ ቢሰጧችሁም አትንኩት። ጠመንጃውንም ሚኒባስ ላይ ጭናችሁ ከሰፈር ሰፈር አታዙሩ። የምትተኩሱበት ግቢ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ቁልፉም በአንድ ሰው እጅ ይሁን።

ጎረቤትም አለ። እኛ ስንጀምር ፖሊስ ጠይቀን፣ ደብዳቤ ይዘን፣ ጎረቤት መንገር ግን ረስተን ነበር። በሁለተኛው ቅዳሜ አጥር የሚጋሩን አንዲት እናት የተኩስ ድምፅ ሰምተው፣ ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ በር ዘግተው ነው ያረፈዱት። የሰማሁት በማግስቱ ነው፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ዘንድሮ ጠመንጃ የሚለው ቃል ብቻውን ሰው ያስደነግጣል፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። አሁን ከመጀመራችን በፊት አንዳችን ቤት ለቤት ዞሮ ይናገራል፣ ማየት የፈለገም ገብቶ ያያል። እሳቸውም ዛሬ ቡናውን አብረውን ይጠጣሉ።

አሁን ወደ አንዱ ጠመንጃ ልምጣ። አንድ ይበቃል ያልኩት ለገንዘቡ ብቻ አይደለም። ሁሉም በአንድ ጠመንጃ ሲተኩስ «የሱ ዕቃ ውድ ነው» የሚል ሰበብ አይኖርም፤ ያሸነፈ ሰው ያሸነፈው በእጁና በትንፋሹ ነው። ደግሞ አንዱ ሲተኩስ የዘጠኙ ዓይን እሱ ላይ ስለሆነ አፈሙዙ ወዴት እንደዞረ ሁሌም የሚያይ ሰው አለ። በየተራ ስንጠብቅ የምናወራው ወሬ ደግሞ አለ፤ ለእኔ ግማሹ ጨዋታ እሱ ነው። የየራሳችን ጠመንጃ ቢኖረን ያ ወሬ አይኖርም ነበር።

ወጪው እንዲህ ነው። ጥይቱ ብዙ ጊዜ በጣሳ 500 ሆኖ ይመጣል። አስር ሰው ሃያ ሃያ ቢተኩስ 200 ነው፤ አንድ ጣሳ ሁለት ቅዳሜ ተኩል ይሄዳል። ኢላማው ፎቶ ኮፒ ነው። ሌላ የሚከፈል የለም።

ዓይነቱን ከጠየቃችሁኝ፣ አፈሙዙ ተሰብሮ (ማለትም እንደ ማጠፊያ ወደ ታች ታጥፎ) የሚጎርስ፣ በሞላ (በስፕሪንግ) የሚሠራ፣ የአፈሙዙ ቀዳዳ 4.5 ሚሊ ሜትር የሆነውን እመርጣለሁ። ጋዝ አይፈልግም፣ ፓምፕ አይፈልግም። ኦሎምፒክ ላይ በ10 ሜትር የሚወዳደሩትም በዚሁ በ4.5 ነው። ሻጭ «ይሄኛው ጉልበቱ ለጉድ ነው» ሲላችሁ አትማረኩ። የኦሎምፒኮቹ ጠመንጃዎች ጥይቱን የሚልኩት በሰከንድ 175 ሜትር አካባቢ ነው። ወረቀት ለመብሳት ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ጉልበተኛው ሲጎርስ ያደክማል፣ ሲተኮስ ይዘላል፣ ጎረቤትም ይረብሻል።

«ግቢያችን ከጫፍ ጫፍ 14 ሜትር ይሆናል። መጨረሻው የቆርቆሮ አጥር ነው፣ ከኋላው መንገድ አለ። ኢላማውን አጥሩ ላይ ብንለጥፈው ምን ችግር አለው?» (ከሰንዳፋ)

ትልቅ ችግር አለው። ቆርቆሮ ጥይት አያቆምም። ከበሳው ያለፈው ጥይት መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው ያገኛል፤ ካልበሳው ደግሞ ወደ እናንተ ሊመለስ ይችላል። የአየር ጠመንጃ ጥይት ወደ ላይ ቀና ተደርጎ ከተተኮሰ ሁለት ሦስት መቶ ሜትር ሊሄድ ይችላል። ዓይን ያጠፋል። በቅርብ ርቀትና ክፉ ቦታ ላይ ከመታ ሰው ይገድላል። ይህን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም፤ የሚቀጥለውን ሥራ በደንብ እንድትሠሩት ነው።

መጀመሪያ አቅጣጫውን ቀይሩ። ከኋላው ማንም የማያልፍበት፣ መስኮትም በርም የሌለው የብሎኬት ግድግዳ ወይም የአፈር ቁልል ፈልጉ። ግቢው ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ከሌለ ሌላ ግቢ ፈልጉ።

ከዚያ ሣጥን ሥሩ። ከአናጢ ቤት የተረፈ ጣውላ ይበቃል። የእኛ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ጥልቀቱ 30። ጀርባው ወፍራም ጣውላ ነው። ውስጡን ከልብስ ሰፊ ቤት በለመንነው ብጣሽ ጨርቅ ጥቅጥቅ አድርገን ሞላነው፤ ላላ ብሎ ከተሞላ ጥይቱ ሾልኮ ጣውላውን ይመታል። ፊቱን በካርቶን ዘግተናል፣ ኢላማው የሚለጠፈው እሱ ላይ ነው። ከሣጥኑ ኋላ አሸዋ የሞሉ ማዳበሪያዎች ከሰው ቁመት በላይ ተደርድረዋል፣ በጎንም በሁለቱም በኩል አንድ አንድ ሜትር ይተርፋሉ። ጀማሪ ሣጥኑን ይስታል። ማዳበሪያው ለዚያ ነው።

ድንጋይ፣ ብረት፣ ጠርሙስ ላይ አይተኮስም። ድቡልቡል የብረት ጥይትም ይቅርባችሁ፣ ነጥሮ ይመለሳል። መነጽር ተኳሹ ብቻ ሳይሆን ተመልካቹም ያድርግ።

አንድ ገመድ መሬት ላይ ዘርጉ። ጠመንጃው አፈሙዙ ተሰብሮ፣ ባዶነቱ ለሁሉም እየታየ ጠረጴዛው ላይ ካልተቀመጠ በቀር ገመዱን ማንም አያልፍም። ወረቀት ለመቀየር ቢሆንም፣ «አንዴ ብቻ» ቢባልም አያልፍም። ስታጎርሱ ደግሞ አፈሙዙን በአንድ እጅ አጥብቃችሁ ያዙ። ሞላው ካመለጠ አፈሙዙ ተስፈንጥሮ ይዘጋል፣ ጣትም ይሰብራል።

«ከወንድሞቼ ጋር ስተኩስ ሁሌ ወደ ግራ ይሄድብኛል። እነሱ በትክክል ይመታሉ፣ ስለዚህ ጠመንጃው ደህና ነው። ግራ ዓይኔን መጨፈንም ያስቸግረኛል። የሴት እጅ ስለሆነ ነው ይሉኛል።» (ከቱሉ ዲምቱ)

እህቴ፣ የሴት እጅ የሚለውን ተይው። በ1976 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል ኦሎምፒክ ወንድና ሴት አብረው ሲወዳደሩ ማርጋሬት ማርዶክ የምትባል አሜሪካዊት በጠመንጃ የብር ሜዳሊያ ወስዳለች። ነጥቧ ከወርቅ አሸናፊው ጋር እኩል ነበር፤ የተለያዩት በመለያ ነው። ይህንን ለወንድሞችሽ ንገሪያቸው።

ያንቺ ጉዳይ የዓይን ይመስለኛል። ሰው ቀኝ እጁን እንደሚያበልጠው ሁሉ ከሁለት ዓይኖቹም አንዱን ያበልጣል፤ ሁልጊዜ ግን በአንድ በኩል አይደሉም። እንዲህ ሞክሪ። ሁለት እጅሽን ዘርጊና መዳፎችሽን ደራርበሽ በአውራ ጣቶችሽ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ፍጠሪ። ሁለቱንም ዓይንሽን ከፍተሽ በቀዳዳው ውስጥ ሩቅ ያለ ነገር እዪ፤ የመብራት አምፖል ይሁን። አሁን ግራ ዓይንሽን ሸፍኚ። አምፖሉ ከጠፋ የሚያየው ግራ ዓይንሽ ነበር ማለት ነው። በቀኝ ትከሻሽ እየተኮስሽ በግራ ዓይንሽ እያነጣጠርሽ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ጠመንጃውን ወደ ግራ ትከሻ ማዞር ነው። አንድ ወር ይከብዳል፣ ከዚያ ይለመዳል፤ ገና ጀማሪ ስለሆንሽ እኔ ይህንን እመክርሻለሁ። ሁለተኛው በመነጽርሽ ግራ መስታወት ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስተር መለጠፍ ነው። ዓይንሽን አትጨፍኝውም፣ ፊትሽም አይጨማደድም፣ ግን በግራ ማነጣጠር አትችይም። ትልልቅ ተወዳዳሪዎችም አንዱን ዓይን ከመጨፈን ይልቅ እንዲህ ይጋርዱታል።

ዓይኑ ተስተካክሎ አሁንም ወደ ግራ ከሄደ ያኔ ማነጣጠሪያውን ንኪ። የኋላውን ማነጣጠሪያ ጥይቱ እንዲሄድ ወደምትፈልጊው አቅጣጫ ነው የምታንቀሳቅሽው፤ ወደ ግራ እየሄደ ከሆነ ወደ ቀኝ። አምስት ጥይት ሳትተኩሺ ግን እንዳትነኪው። አንድ ጥይት ምንም አይናገርም። ደግሞ ጠመንጃው የሁላችሁም ስለሆነ አዙረሽ ስትጨርሺ ወደነበረበት መልሽው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ዓይን የኋላውን ማነጣጠሪያ፣ የፊቱንና ኢላማውን በአንድ ጊዜ አጥርቶ ማየት አይችልም። አጥርተሽ የምታዪው የፊቱን ማነጣጠሪያ ነው። ኢላማው ይደብዝዝ፣ ግድ የለም።

«ጠረጴዛ ላይ አስደግፌ ስተኩስ ጥይቱ ይበታተናል። በእጄ ብቻ ስይዘው ይሻላል። እንዴት ሊሆን ይችላል? የሱሉልታ ከፍታና ነፋስ ይሆን?» (ከሱሉልታ)

በጣም የወደድኩት ጥያቄ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም እኔም ሁለት ወር ሙሉ ያታገለኝ ነገር ነው። ጥይቱን ቀያየርኩ፣ ብሎኑን አጠበቅኩ፣ ምንም ጠብ አላለም።

ምክንያቱ ሞላው ነው። ቃታው ሲለቀቅ ሞላው አየሩን የሚገፋውን ብረት፣ ፒስተኑን፣ ወደፊት ይወረውረዋል፣ ጠመንጃው ወደኋላ ይገፋል። ወዲያው ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ጠመንጃው መልሶ ወደፊት ይነጠቃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ጥይቱ ገና አፈሙዙ ውስጥ እያለ ነው። ስለዚህ ጠንካራ ነገር ላይ ብታስደግፈው፣ ወይም አንቀህ ብትይዘው፣ በእያንዳንዱ ተኩስ በሌላ አቅጣጫ ይነጥርብሃል። ባሩድ የለመዱ ሰዎች ኤርጋን ሲይዙ አጥብቀው ይይዙታል፣ ለዚያም ነው መጀመሪያ ላይ ከጀማሪ የሚያንሱት።

ለቀቅ አድርገህ ያዘው። የግራ እጅህን መዳፍ ዘርጋና ጠመንጃው በሚዛኑ ላይ ይረፍበት፤ ጣቶችህን አትጠቅልል። መደገፍ ከፈለግክ ጠረጴዛው ላይ ትራስ አድርግ፣ እጅህ ትራሱ ላይ፣ ጠመንጃው እጅህ ላይ። ሰደፉ ትከሻህን ይንካ እንጂ አትሳበው። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ እንድትይዘው በእንጨቱ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርግ። ከተኮስክ በኋላ ወዲያው ቀና አትበል። ጥይቱ ወረቀቱን ሲመታ እስክትሰማ ድረስ እያነጣጠርክ ቆይ።

ከፍታው ብዙ አይጎዳህም። ሱሉልታ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ሞላው የሚጨምቀውም አየር ያንሳል፤ ስለዚህ ጥይቱ ትንሽ ይዘገያል። በ10 ሜትር ላይ ግን ልዩነቱን በወረቀት አታየውም። ነፋሱ ይሰማሃል፣ ግን ከጥይቱ ይልቅ የሚያወዛውዘው አንተን ነው። እኛ ለዚህ ነው ጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሳ የምንተኩሰው።

ደግሞ ጥይት ሳይጎርስ ቃታ አትሳብ። አየሩ የሚገፋው ነገር ሲያጣ ፒስተኑ ብረት ለብረት ይጋጭና ዕቃው ይበላሻል።

«ልጄ፣ 68 ዓመቴ ነው። በልጅነቴ የአባቴን ምንሽር ይዤ አልሞ ተኳሽ ነበርኩ። አሁን እጄ ይንቀጠቀጣል። ከወጣቶች ጋር ብገባ መሳቂያ አልሆንም?» (ከአያት)

አባባ፣ ይምጡ። ኦስካር ስዋን የሚባል ስዊድናዊ በ1920 እ.ኤ.አ. በአንትወርፕ ኦሎምፒክ በተኩስ የብር ሜዳሊያ ሲወስድ 72 ዓመቱ ነበር። ካሮሊ ታካች የሚባል የሃንጋሪ ወታደር ደግሞ በ1938 እ.ኤ.አ. ቦምብ ቀኝ እጁን ጎዳው። በግራ እጁ መተኮስ ተማረና በ1948 እና በ1952 እ.ኤ.አ. በሽጉጥ ወርቅ ወሰደ። በፓሪሱ ኦሎምፒክ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ ሲተኩስ ፎቶው ዓለምን የዞረው ቱርካዊ ዩሱፍ ዲኬች 51 ዓመቱ ነበር፣ እሱም ብር አግኝቷል። ለዕድሜ ይህን ያህል ቦታ የሚሰጥ ስፖርት ብዙ አላውቅም።

ለእጅዎ ደግሞ፣ በእኛ ውድድር ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ተቀምጦ፣ ትራስ ላይ አስደግፎ ይተኩሳል። ማንም አያጉረመርምም። ትንፋሽዎን ስበው ግማሹን ይልቀቁ፣ እዚያ ላይ ቆም ይበሉ፣ በአምስት በስምንት ሰከንድ ውስጥ ይተኩሱ። ከዚያ ካለፈ ዓይን ይደክማል፣ እጅም ይብሳል፤ ያውርዱትና እንደገና ይጀምሩ። ቃታውን በጣት ጫፍ ቀስ እያሉ ይጭመቁ። መቼ እንደሚፈነዳ ለራስዎም ባይታወቅዎት ጥሩ ነው። ቡና ከተኩሱ በፊት አይጠጡ፤ እኛ መጨረሻ ላይ የምናፈላውም ለዚሁ ነው።

«የ11 ዓመት ልጄ ካልመጣሁ ብሎ አስቸገረኝ።» (ከሰበታ)

ይምጣ፣ ግን አይተኩስም። በእኛ ግቢ ልጆች ነጥብ ይቆጥራሉ፣ ወረቀት ያድላሉ፣ ገመዱን ማን እንዳለፈ ይጠብቃሉ፤ በዚህ ሥራ ከትልቅ ሰው ይበልጣሉ። ሕጉን ልትጠይቂ ፖሊስ ጣቢያ ስትሄጂ የዕድሜውንም ነገር አብረሽ ጠይቂ። ጠመንጃውን ብቻውን የሚያገኝበት ቀን ግን መኖር የለበትም።

«ነጥብ እንዴት ትቆጥራላችሁ? ውርርድ ቢገባበትስ አይሞቅም?» (ከለገጣፎ፣ ሌላ ጠያቂ)

ውርርድ አይገባም። ገንዘብ የገባበት ቀን ሰው በወረቀት ላይ ባለ መስመር መጣላት ይጀምራል፤ ጠመንጃ ባለበት ቦታ ደግሞ ጠብ አልፈልግም።

አንድ ሰው ሃያ ጥይት አለው። አምስቱ ለመሞከሪያ፣ አስራ አምስቱ ይቆጠራሉ፤ ሙሉው 150 ነው። ቀዳዳው መስመር ከነካ ትልቁ ነጥብ ይያዛል። እኩል ከሆኑ አስር የበዛለት ያሸንፋል፣ በዚያም ካልተለዩ አንድ አንድ ጥይት ይጨመራል። ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ጥይት ተጠቀሙ፣ ወረቀቱን በጥራት ስለሚቆርጠው ክርክር ይቀንሳል።

የኦሎምፒኩ ኢላማ ለጀማሪ አይሆንም። ከዳር እስከ ዳር 45.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ አስሩ ደግሞ የግማሽ ሚሊ ሜትር ነጥብ ናት። እኛ ፎቶ ኮፒ ቤት አስፍተነው የአስሩን ክብ የለስላሳ ቆርኪ አሳክለነዋል። ሰው ሲሻሻል እናጠበዋለን።

ሽልማቱ ሁለት ነው። አቦሉን ቀድሞ የሚጠጣው አሸናፊው ብቻ አይደለም፤ ካለፈው ቅዳሜ የራሱን ነጥብ በብዙ ያሻሻለም አብሮት ይጠጣል። መጨረሻ የወጣው ቡናውን ይቆላል፣ ወንድም ቢሆን። ባለፈው ወር ከ94 ወደ 117 የወጣች አንዲት ልጅ አለች። አላሸነፈችም፤ የዚያን ቀን ግቢው ያጨበጨበው ግን ለሷ ነው።

«ዶሮዎች አሉኝ። ከተኩሱ በኋላ ግቢው ውስጥ ሲጭሩ የወደቀ ጥይት ይለቅሙ ይሆን?» (ከቡራዩ)

ይለቅማሉ። ዶሮ እህሉን የሚፈጭላትን ጠጠር ከመሬት ትለቅማለች፣ ጥይቱም ለሷ ጠጠር ነው። የተሠራው ከእርሳስ ነው፣ እርሳስ ደግሞ መርዝ ነው፤ ለዶሮዋም፣ እንቁላሏን ለሚበላውም። ስለዚህ በተኩሱ ቀን ዶሮዎቹ ይታጎሩ። ከሣጥኑ ሥር አሮጌ ሸራ አንጥፉ፣ የወደቀው እሱ ላይ ይወድቃል። ስትጨርሱ ሸራውን አጥፋችሁ ጥይቱን ክዳን ባለው ጣሳ ሰብስቡ፣ በየሁለት ወሩም ከሣጥኑ ጨርቅ ውስጥ ያለውን ልቀሙ። ጥይት በአፍ አይያዝም። ቡናውና ዳቦው ከመቅረቡ በፊት ሁሉም ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ። ሸራው የተነጠፈበት ቦታ ላይ ደግሞ ዶሮዎቹ በሌላ ቀንም እንዳይደርሱ በሽቦ እጠሩት።